ድንጋይ ያልተዉልን ሰዎች

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ፣ ከቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከተማ ወጣ ሲሉ ላርክ የምትባል ትንሽ ወንዝ ትገኛለች። በወንዟ ዳር፣ አሸዋማ ጉብታ ላይ፣ የሣር ክዳን ያላቸው ጥቂት የእንጨት ቤቶች ቆመዋል። ቦታው ዌስት ስቶ ይባላል። ቤቶቹ የቅርብ ጊዜ ሥራ ናቸው፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ባለሙያዎች ከመሬት በታች የተገኘውን አሻራ ተከትለው መልሰው ያቆሟቸው። ከሥራቸው ያለው መንደር ግን ከ420 አካባቢ እስከ 650 ድረስ የቀደሙት አንግሎ ሳክሰኖች የኖሩበት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1300 ገደማ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ሸፈነውና ከማረሻ ተረፈ። ከ1965 እስከ 1972 በተደረገው ቁፋሮ ወደ 70 የሚጠጉ ትንንሽ ቤቶችና ሰባት ተለቅ ያሉ አዳራሾች የቆሙበት ቦታ ተለየ። ሁሉም በአንድ ዘመን የነበሩ አይደሉም። አንዱ ሲያረጅ ሌላው ከጎኑ እየተተከለ፣ በየትውልዱ ጥቂት ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት መንደር ነበር። ሮማውያን በዚችው ደሴት ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የድንጋይ ከተማ፣ የሞቀ ውኃ መታጠቢያና የተነጠፈ መንገድ ሲሠሩ ኖረው ነበርና፣ እነዚህን ጎጆዎች የሚያይ መንገደኛ ሰው ወደ ኋላ የተመለሰበት ዘመን ይመስለዋል። እንግሊዞች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ «የጨለማው ዘመን» ሲሉት የኖሩት በዚሁ ስሜት ነው። እኔ ግን ስሜቱ ትክክል አይመስለኝም። ሕዝብን ባስቀረው ድንጋይና ጽሑፍ መለካት፣ በእንጨት፣ በሱፍ፣ በእንጀራና በቃል የኖረን ሰው ሁሉ እንዳልኖረ መቁጠር ነው፤ ከዌስት ስቶ ተነስቶ እስከ ኬንት የሚወርድ መንገደኛም ይህን የሚያስረዳ ማስረጃ በየቦታው ያገኛል።

ማስረጃው ከጎጆዎቹ ወለል ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ትንሽ ቤት ሥር ጥልቀት የሌለው አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ ጫፍና ጫፍ ደግሞ ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቀዳዳ። በ1920ዎቹ በኦክስፎርድ አቅራቢያ፣ በሰተን ኮርትኔይ፣ ተመሳሳይ ጉድጓዶችን ያስቆፈረው አርኪዎሎጂስት ኢ. ቲ. ሊድስ በውስጣቸው የከብት አጥንት፣ የተሰበረ ሸክላና አመድ ተከምሮ አገኘ። ከዚያም ሰዎቹ በጉድጓድ ውስጥ፣ በገዛ ቆሻሻቸው መካከል ይኖሩ ነበር ብሎ ደመደመ፤ ሐሳቡም በመጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ቆየ። የዌስት ስቶ ቆፋሪዎች ግን ሌላ ነገር አስተዋሉ። ቆሻሻው የተጣለው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ፣ ጎረቤት ባዶውን ጉድጓድ እንደ መጣያ ሲጠቀምበት ነበር። ተቃጥለው በወደቁት ቤቶች ውስጥ ያገኙትን የከሰለ ጣውላም ከጉድጓዱ በላይ የተነጠፈ ወለል ነው ብለው ተረጎሙት። ጉድጓዱ እንግዲህ እርጥበት የሚከላከል ባዶ ቦታ ነበር ማለት ነው። ስለ ወለሉ የሚደረገው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም፤ አንዳንዱ ቤት ወለሉ እታች የነበረ ሊሆን ይችላል። የሊድስ ዋና ፍርድ ግን ከተሰነጠቀ ወዲህ አልተጠገነም። አንድ የተማረ ሰው የጎረቤትን የቆሻሻ ጉድጓድ አይቶ የባለቤቱ መኝታ አድርጎ አነበበው፤ ይህን ያህል ስሕተት ለመሥራት የሚያበቃው አስቀድሞ «እነዚህ ሰዎች ዝቅ ያሉ ናቸው» ብሎ መነሳት ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ዓይን የሚይዘው ትልቅ ነገር አይደለም። ከጎጆዎቹ በብዛት ከወጡት ዕቃዎች አንዱ የአዋቂ ሰው ጭብጥ የሚያህል፣ መሐሉ የተበሳ፣ ክብ የሸክላ ቀለበት ነው። የሽመና ማክበጃ ነው። የእነዚህ ሰዎች መሸመኛ እንደኛ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩበት ሳይሆን ግድግዳ ላይ ዘንበል ተደርጎ የሚቆም የእንጨት ማዕቀፍ ነበር። ድሩ ከላይ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ እንዳይላላም ከሥሩ እነዚህ ሸክላዎች ይታሰሩበታል። ቤቱ ሲቃጠል ድሩም እንጨቱም አመድ ይሆናል፣ ማክበጃዎቹ ግን በተሰቀሉበት ሰልፍ ወለሉ ላይ ይደረደራሉ፤ ሸማኔዋ የት እንደቆመች፣ ጨርቋ ምን ያህል ወርድ እንደነበረው ከሰልፉ ይነበባል። ሸማኔዋ የምለው ፈትሉም ሽመናውም የሴቶች ሥራ ስለነበረ ነው፤ በሴቶች መቃብር እንዝርት ላይ የሚሰካው ክብ ማክበጃ ይገኛል፣ በወንዶች ግን እምብዛም አይታይም። የአንድ ቤተሰብ ልብስ፣ ብርድ ልብስና ከረጢት ሁሉ በእጅ ከተፈተለ ክር ይወጣ እንደነበር ለሚያስብ፣ የእነዚያ ሴቶች ቀን በምን ያልቅ እንደነበር ግልጽ ነው። ክር ሳይዙ የዋሉበት ቀን አልነበረም ቢባል ብዙ አያሳስትም። ከማክበጃዎቹ ጎን ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ ሚዶ ይገኛል፤ ጥርሶቹ እያንዳንዳቸው በመጋዝ የተቆረጡ፣ ከብዙ ቁራጭ ተገጣጥሞ በምስማር የተያያዘ። ቤቱ አንድ ሺህ ዓመት የሚቆይ ግንብ አልነበረም እንጂ፣ የሚኖሩበት ሰዎች ጠጉራቸውን በጥንቃቄ ያበጥሩ ነበር።

ከሰፎክ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊንከንሸር ሲዘለቅ ስክሬምቢ የምትባል መንደር አለች። ከ2018 ጀምሮ በተካሄደ ቁፋሮ በዚያ የአምስተኛውና የስድስተኛው ክፍለ ዘመን መቃብር ወጣ። ሴቶቹ እንደ ዘመኑ ወግ ለብሰው ነበር የተቀበሩት፤ ቀሚሳቸው ትከሻ ላይ በሁለት የነሐስ ጌጥ መርፌ ተይዞ፣ በመርፌዎቹ መካከል የብርጭቆ ዶቃና አምበር ተሰክቶ። በወገባቸው በኩል ግን የጨርቅ ከረጢት ነበር፤ ጨርቁ በስብሶ የቀረው አፉን ይዞ የነበረው ነጭ ቀለበት ነው። ቀለበቱ የዝሆን ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ቀለበት በእንግሊዝ ከ700 በላይ ተገኝቷል፤ ከየት እንደመጣ ግን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆየ። ከሰሜኑ በረዶ የወጣ የማሞዝ ጥርስ ነው ያሉ ነበሩ። በ2023 የታተመ የላቦራቶሪ ምርመራ ግን የስክሬምቢዎቹን የአፍሪካ ዝሆን መሆናቸውን፣ ዝሆኖቹም የኖሩት በአምስተኛውና በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን፣ የግጦሽ መሬታቸውም በዕድሜ ወጣት የሆነ የእሳተ ገሞራ ዐለት እንደነበር አሳየ። ይህ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ይመራል፤ በዚያ ዘመን ከዚያ አካባቢ የዝሆን ጥርስ ወደ ሜዲትራኒያን ይልክ የነበረው ደግሞ በአዱሊስ ወደብ የሚነግደው የአክሱም መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ መልእክተኛ ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ መንገድ ላይ አምስት ሺህ ያህል ዝሆን በአንድ መስክ ተሰማርቶ እንዳየ ጽፏል። ነጋዴው ኮስማስም ጥርሱ ከዚያ በመርከብ ወደ ሮምና ወደ ፋርስ እንደሚጫን ይመሰክራል። እንግዲህ ከጥርሱ ሥር ካለው ወፍራም ክፍል የተቆረጠው ቀለበት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በሜዲትራኒያንና በፍራንኮች አገር አልፎ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የአንዲት ገበሬ ሴት ወገብ ላይ ያረፈው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ሊታለፍም አይገባም። ቀለበቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መጣ እንጂ ሴቲቱ አክሱም የሚባል አገር መኖሩን ላታውቅ ትችላለች፤ ከሩቅ የመጣ ዕቃ መያዝ ሩቅ ማየት አይደለም። እውነት ነው። ዝሆን እንኳ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው በመንደሯ አልነበረም ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ሆኖም ክርክሬ ሴቲቱ ስለምታውቀው ነገር አይደለም። አንድ ቀለበት ቢገኝ አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። ከ700 በላይ ሲገኝ፣ ያውም በአንድ ዓይነት ቦታ፣ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት፣ በብዙ አውራጃ፣ ይህ ልማድ ነው። ልማድ የሚቆመው ዕቃው ሳይቋረጥ ሲመጣ፣ የሚለወጥበት ትርፍ ምርት ሲኖር፣ መንገዱም ሲታመን ነው። ገንዘብ እንኳ በወጉ በማይሠራበት አገር፣ የሮም ሳንቲም ተበስቶ ለአንገት ጌጥ በሚሆንበት ዘመን፣ ያን መንገድ ያቆመው የሰው ትስስር ነበር። ከእኛ በኩል የሚመጣው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው ዘመን አክሱም የወርቅ ሳንቲም ያትም ነበር፣ ሐውልቱን አቁሞ ጨርሶ ነበር፣ በድንጋይ ላይ በግዕዝ ይጽፍ ነበር፤ እንግሊዝ ግን የሣር ጎጆ። ይህን እንደ ድል መቁጠር ያጓጓል። እኔ ግን አልቀበለውም። «ያልጻፈና በድንጋይ ያልገነባ ታሪክ የለውም» የሚለው ሚዛን የብዙውን አፍሪካ ሕዝብ ታሪክ የለሽ ያሰኘው ያው ሚዛን ነው፤ ለእኛ ሲመች ማንሳት፣ ሳይመች መጣል አይቻልም።

ሌላ ተቃውሞ አለ፤ መቃብር መድረክ ነው፣ ሰው ለሙቱ የሚያለብሰው ለራሱ ያላለበሰውን ነው የሚል። በስፖንግ ሂል፣ በኖርፎክ፣ ከ2,000 በላይ ሬሳ ተቃጥሎ አመዱ በሸክላ ማሰሮ ተቀብሯል፤ በሌላው ስፍራ ወንዱ ከጦርና ከጋሻ ጋር ተጋድሟል፤ ጦር የያዘ ሁሉ ተዋጊ ነበር ማለት ግን አይቻልም፣ መቃብራቸው ጦር የያዘ ልጆችም አሉና። ቀባሪዎቹ ሟቹን እንዲሆን የሚፈልጉትን ነው ያሳዩን። ይህን እቀበላለሁ። የመቃብሩ ምስክርነት የሚጸናው በቆሻሻው ሲደገፍ ነው፤ ማንም ለታይታ ቆሻሻ አይጥልምና። የዌስት ስቶ መጣያ የበግ፣ የከብትና የአሳማ አጥንት፣ የተሰበረ ሚዶ፣ ከሴት አንገት የተበጠሰ ዶቃ ይዟል። ከመቃብሩና ከመጣያው የሚወጡት አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንት ሲወረድ ማስረጃው ከአፈር ወደ ቃል ይለወጣል። በሮቸስተር ካቴድራል በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተገለበጠ አንድ የብራና መጽሐፍ አለ፤ በ600 አካባቢ የኬንት ንጉሥ ኤቴልበርት ያወጣው ሕግ ከዚያ በቀር በሌላ ቦታ አልቀረልንም። በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚው ነው የሚባለውም ይኸው ነው። ሕጉ ስለ ክብር አይሰብክም፤ ካሣ ይቆጥራል። አውራ ጣት የቆረጠ 20 ሽልንግ። የአውራ ጣት ጥፍር 3። የቀለበት ጣት 6፣ ትንሿ ጣት ግን 11። የፊት ጥርስ 6፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው 4፣ ወደ ውስጥ ሲገባ 3፣ ከዚያም 1። ነፃ ሰው የገደለ 100 ሽልንግ ለዘመዶቹ ይከፍላል። ጉማ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ደም በደም እንዳይመለስ ሽማግሌ የሚገባበት ሥርዓት ነው። አውራ ጣት ከሁሉ ለምን እንደሚበልጥ ለመረዳት መሣሪያ ያለ አውራ ጣት መያዝ ይሞከር፤ ሕጉ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው አካል ያውቃል። ሕጉ የንጉሥ ድምፅ ነው፣ ያውም የሮም መነኮሳት በ597 ከመጡ በኋላ በእነሱ ቀለም የተጻፈ ነው፣ ስለ ተራው ሰው ምን ይነግራል ለሚል፣ መልሱ ያው ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከሮም የመጣ መነኩሴ የትንሽ ጣትን ከቀለበት ጣት መብለጥ ከየትም አላመጣውም። ይህ በየዳኝነቱ ሲነገርና ሲከራከሩበት የኖረ፣ ብራና ሳይኖር በሰው አፍ የተጠበቀ ዕውቀት ነው።

በዚያው ሕግ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ስለ ማኅበራዊ ኑሯቸው ከብዙ መቃብር የበለጠ ትናገራለች። የነፃ ገበሬን «እንጀራ በላተኛ» የገደለ 6 ሽልንግ ይክፈል ይላል። እንጀራ በላተኛ ማለት በሌላ ሰው ቤት ያደረ፣ የእሱን ዳቦ የሚበላ አገልጋይ ነው። ጌታው ደግሞ ህላፎርድ ይባላል፤ የቃሉ ሥር «የዳቦ ጠባቂ» ነው። የዛሬው የእንግሊዝኛ «ሎርድ» የወጣው ከዚህ ነው። «ሌዲ» የወጣችበት ቃልም ሥሩ «ዳቦ አቡኪ» ማለት ነው። ሥልጣን በዙፋንና በዘውድ ከመነገሩ በፊት በዳቦ ይነገር ነበር፤ ማን ይጋግራል፣ ማን ይጠብቃል፣ ማን ይበላል። እንጀራውን የበላ ሰው ጌታውን መክዳት ነውር መሆኑን ያደገበት አንባቢ ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ይኸው የእንጀራ ነገር በሌላም መልክ ይመጣል። በ690 አካባቢ የዌሴክስ ንጉሥ ኢኔ ባወጣው ሕግ ከአሥር የእርሻ ይዞታ የሚሰጠው ምግብ ተዘርዝሯል። አሥር ጋን ማር፣ 300 ዳቦ፣ ብዙ ጠላ፣ ሁለት የደረሱ ላሞች ወይም አሥር ሙክት በጎች፣ አሥር ዝይ፣ 20 ዶሮ፣ አሥር አይብ፣ ቅቤ፣ አምስት ሳልሞን፣ 100 እባብ መሳይ ዓሣ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሲያዩ ንጉሡ ሥጋ በሥጋ እየበላ ገበሬው በገንፎ የሚኖርበት አገር ይታያቸው ነበር። በ2022 የታተመ ጥናት ግን ከአምስተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የ2,023 ሰዎችን አጥንት ኬሚስትሪ አገናዝቦ፣ ባለጠጋ ሆነው የተቀበሩት ከሌላው የበለጠ ሥጋ ዘወትር ይበሉ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አላገኘም። ዝርዝሩን ሲያሰሉትም ለ300 ሰው ያህል የሚበቃ የአንድ ቀን ድግስ ሆነ። ስለዚህ ንጉሡ ሲመጣ ገበሬው አብሮ የሚቀመጥበት ማዕድ ነበር ይላሉ። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ ፌኦርም ነው፤ የሚሰጠውንም ቀለብ፣ የሚበላውንም ግብዣ ይጠራል። እንግሊዝኛ አንባቢ ሁለቱ እንዴት አንድ ቃል እንደሆኑ ማብራሪያ ይፈልጋል። አማርኛ ግን «ግብር ገባ»ንም «ግብር አበላ»ንም በአንድ ቃል ሲል የኖረ ቋንቋ ነው፤ ግብር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከአዳራሹም ተመልሶ ይበላል። እኔ ጥናቱን ለማመን የሚያዘነብለኝ ከአጥንቱ ቁጥር እኩል ይህ የቃል ምስክርነት ነው። ድግሱ ግን እኩልነት ነበር አልልም፤ ግብር የሚያበላው ማን እንደሆነ ሁሉም እያየ ነው የሚበላው።

ይህን ኑሮ ማሞገስም ወሰን አለው። ያው ዋጋ የሚቆጥረው ሕግ ባሪያንም ይቆጥራል፤ በኢኔ ሕግ የብሪታኒያ ነባር ተወላጅ የደም ዋጋው ከሳክሰኑ ያነሰ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ በ595 በፍራንኮች አገር ለነበረ ካህን በጻፈው ደብዳቤ የ17 እና የ18 ዓመት እንግሊዛውያን ወጣቶችን ገዝቶ ለገዳማት እንዲያስረክብ አዝዟል። የዝሆን ጥርስ ወደ ሰሜን በሚመጣበት መንገድ ሰው ወደ ደቡብ ይሸጥ ነበር። ዘመኑ ጨለማ አልነበረም ማለት መልካም ነበር ማለት አይደለም። ብርሃን ያለበት ቤት ውስጥም ግፍ ይሠራል፤ እንዲያውም በደንብ የሚታየው ያኔ ነው።

ከዌስት ስቶ ሩቅ ባልሆነው በሰተን ሁ፣ ከዴበን ወንዝ በላይ፣ የአንድ ንጉሥ መቃብር አለ፤ የምሥራቅ አንግሊያው ሬድዋልድ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው። በ1939 ቤዚል ብራውን የሚባል የአካባቢው ቆፋሪ ጉብታውን ሲከፍት ባለ 27 ሜትር መርከብ አገኘ። ወርቁና ቀይ ጋርኔቱ፣ የንጉሠ ነገሥት አናስጣስዮስ ማኅተም ያለበት የብር ትሪ፣ የራስ ቁሩ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያሉ፤ ተመልካቹም በእነሱ ዙሪያ ይሰበሰባል። ለእኔ ግን ትልቁ ግኝት ሙዚየም ሊገባ አልቻለም። እንጨቱ አንድም ሳይቀር በስብሷል። የቀረው በአሸዋው ላይ የታተመው የመርከቡ ቅርጽና በሰልፍ የተደረደሩት የብረት ምስማሮቹ ናቸው። ብራውን የመጀመሪያዎቹን ምስማሮች ሲያይ አልነቀላቸውም፤ እያንዳንዱን በቦታው ትቶ አሸዋውን ቀስ ብሎ አነሳ። ነቅሎ ቢሰበስባቸው ኖሮ አንድ ሳጥን የዛገ ብረት ይኖረን ነበር። በቦታቸው በመቆየታቸው ጣውላው እንዴት እንደተደራረበ፣ የት እንደተጠገነ ሳይቀር ተነበበ። የዌስት ስቶ የሽመና ማክበጃም የተነበበው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንጨትና ክር ያለፈበትን ቦታ ጠንካራው ቅሪት እየጠቆመ።

ሰዎቹ ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ በአጥንት እየተመለሰ ነው፤ በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናት በምሥራቅና በደቡብ እንግሊዝ ከተቀበሩት የዘመኑ ሰዎች የትውልድ ሐረግ ወደ 76 በመቶ የሚሆነው ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። በአንድ መቃብር ስፍራ መጤውና ነባሩ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። ከኬንት ወደቦች በማይርቀው አፕዳውን በሚባለው ስፍራም የሰባተኛው ክፍለ ዘመን አንዲት ልጅ መቃብር ወጥቷል። ዕድሜዋ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ነው። በእናቷ በኩል ሰሜን አውሮፓዊት ናት፤ በአባቷ በኩል ግን ከአያቶቿ አንዱ የምዕራብ አፍሪካ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ከዘረመሏ አንድ ሦስተኛው ወደዚያ ይመራልና። ያ ሰው በነፃነት ይምጣ በባርነት አጥንቷ አይናገርም። የእናቷ ዘመዶች ግን በዚያው መቃብር ስፍራ አብረዋት አርፈዋል፤ ልጅቱንም እንደ ማንኛዋም የመንደሩ ልጅ ከማሰሮዋ፣ ከቢላዋዋና ከአጥንት ሚዶዋ ጋር ቀብረዋታል።